ከሳምሪ ዩኒፎርም የተቆረጠው ጨርቅ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለህይወት፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የሐዋሳ ፋብሪካ ማሽን እንደ አጎትሽ መዶሻ ጆሮሽን አደነቆረው ወይስ ገና ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅሽ ሳምሪም በአካል ደህና ናት። «በአካል» ያልኩበትን አሁን እነግርሻለሁና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው ከእኔ አፍ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ የሳምሪ የወንበር ጓደኛ ምሥጋና የእናቷን ማጭድ ልታስል ወደ ወናፌ መጣች። አፌን ታውቂዋለሽ። ጉንጯን አይቼ «እንዴት ወፍረሻል አንቺ! ዛሬ ምሳዬ አንቺ ነሽ» አልኳት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኛን ቀጥቃጮችን ሰው ቡዳ እያለ ከሚያማን እኔው ቀድሜ ብስቅበት ይሻላል እያልኩ ነው ያረጀሁት።

ማክሰኞ ምሥጋና በትኩሳት ወደቀች። ረቡዕ ሳምሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዩኒፎርሟ ጫፍ በመቀስ ተቆርጧል፣ ጣት የሚያህል። እሷ አላወቀችም፤ ያየችው ሚስቴ ያምሮት ናት። የያዘችውን የሸክላ ጭቃ አስቀምጣ የተቆረጠውን በጣቷ ለካችው። በላ የተባለ ሰው ልብስ ተቆርጦ በሽተኛው ይታጠንበታል፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን። ልጅቷ ታጥና ባይሻላት ደግሞ ወደ ማን ቤት እንደሚመጡ አስቢው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር መዶሻዬ ከእጄ ይወድቃል።

በማግስቱ ሳምሪን ከኋላ ብቻዋን አስቀመጧት። ውኃ ሲጠጡም ኩባያው የሚደርሳት ከሁሉም በኋላ ሆነ። የትምህርት ቤቱን የውኃ ጋን የሠራችው ያምሮት መሆኗን ማንም አላስታወሰ። ከትምህርት ቤት ላስቀራት ቆርጬ ሳለ መምህርት ውዳሴ እቤት ድረስ መጥታ፣ ወላጅና መምህር አንድ ላይ ተቀምጠን ሳንነጋገር እንዳላደርገው ለመነችኝ። እኔ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ የለቀምኩ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልናገር?

ከትናንት ወዲያ ዓርብ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ የሁለት ሰው ቦታ ባዶ ቀረ። የምሥጋና እናት ወይዘሮ በለጠች ተነስታ «እበላሻለሁ ብሏታል፤ እስቲ ይካድ!» አለች። እኔም ተነስቼ «ብያለሁ» አልኩ። «እናንተ ስትሉኝ የኖራችሁትን ነው የቀለድኩት። በልጅ መቀለዴ ግን ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ።» ከኋላ አንዱ «ይኸው አመነ!» አለ።

መምህርት ውዳሴ ጤና ጣቢያው ምን እንዳለ ጠየቀቻት። «ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተዋል። የተሻላት ግን ስትታጠን ነው» አለች በለጠች። ያኔ የሳምሪ ክፍል ኃላፊ መምህር ስመኘው ተነሳና «ሳምሪን ወደ ኋላ ያዛወርኳት እኔ ነኝ። ወላጅ እንዳይቆጣ ብዬ ነው፤ እሷን አልጠየቅኋትም» አለ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔም ዩኒፎርሙን ከኩታዬ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ማን ቆረጠው አላልኩም።

በለጠች የተቆረጠውን ጫፍ ነካ አድርጋ «መቀሱ የእኔ ነው» አለች። «ልጄ እየሞተችብኝ ነበር።» እኔም «ይችም ልጅ ናት» አልኳት።

ሳምሪ ሰኞ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ፣ ወላጅና መምህርም በየወሩ እንዲቀመጡ ተስማማን። ምሥጋናም ሰኞ ትመለሳለች። ከሳምሪ ጎን ትቀመጥ እንደሆነ ግን በለጠች «አያታለሁ» ብላ ብቻ ወጣች።

ሰኞ ነገ ነው። ምሥጋናን ወባው ቢያገረሽባትስ? ሳምሪን ወደ አንቺ ልላካት ወይ? እሷን ብጠይቃት «ታዲያ ወንበሬን ማን ይይዘዋል?» አለችኝ። የአንቺን ፈቃድ ግን ቶሎ ጻፊልኝ፤ እኔ በራሴ መወሰን ፈርቻለሁ።

ያምሮት ጉንጭሽን ትስማለች፤ የዩኒፎርሙን ጫፍ በሌላ ጨርቅ ጥፋዋለች፣ ቀለሙ ግን አልገጠመም። አብራሽ ለምትኖረው ለአደይ ሰላም በይልኝ። ሳምሪ እጅ ትነሳለች። ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ከማንም ጋር እንዳልቀልድ አስምላኛለች። ምያለሁ፣ ህይወትዬ። ከሳምሪ ሌላ ማንም እንዲህ ዝም አሰኝቶኝ አያውቅም።

አጎትሽ አዛናው

ቡሬ አካባቢ፣ እሑድ ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.