ጭስ የጠጡ ሹራቦች

ለእህቴ ለእትዬ ፍቅርአዲስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ዓረብ አገር አማን ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? በረኪና የበላው የእጅሽ ቆዳ ዳነልሽ? የማዳምሽ እናት፣ ያቺ ገና ጋደም ስትዪ የምትጣራው አሮጊት፣ አሁን ትንሽ ታሳርፍሻለች? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ጤና ናችሁ ወይ ብትዪኝ ጤና ነን። ደህና ናችሁ ወይ ካልሽኝ ግን መልሱ ስለሚረዝም ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ወኔ ከዳኝና ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ዘንድሮ ቦንጋን ምን ነካት ብለሽ ሳትገረሚ አልቀረሽም። አንቺ ለመስቀል ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ ሹራብ የምትሠሩበት ስቱዲዮ ውስጥ አጠገብሽ ወንበር ያዥልኝ ስትዪኝ እኔ እሺ ብዬሽ ነበር። እትዬ፣ ስቱዲዮው ተዘግቷል። ያስዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሥራችንን በስልክ በቁራጭ በቁራጭ ስለሰማሽው ከሥሩ ልንገርሽ። ወንጌላዊት አዲስ አበባ ዲዛይን ተምራ ስትመለስ ሰው ሁሉ ቢሮ ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ከገበያው በላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች ሰበሰበች። ሥዕሉን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ትሥላለች፤ እኛ ካሬውን እየቆጠርን በክር እንሠራዋለን። ግን አንዲት ሴት አንድ ሙሉ ሹራብ ብቻዋን ሠርታ አታውቅም። ወንጌላዊት ሥራ የምታድለው እጅ አይታ ነው። እጇ የሚጠብቅ አንገትና ጫፍ ትሠራለች፣ እጇ የሚላላ ደረትና ጀርባ። የሺሺንዳዋ እትዬ አብርሆት ስድስት ዓመት ሙሉ የሠሩት እጅጌ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ደረት ልሞክር ቢሉ ሹራቡ ለዝሆን ሆኖ ወጣ፤ እሳቸውም ከእኛ በላይ ሳቁ። የእኔ ሥራ መጨረሻው ነበር፤ የሃያ ሦስት ሴቶችን ሥራ መገጣጠም፣ ማጠብና ማድረቅ። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ስንቀላለድ ውለን ወንጌላዊት ወረቀቷን ይዛ ስትገባ ሁላችንም በቢሮ አማርኛ ጨዋ እንሆናለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሠርጌ ቀን በኋላ ደስ ብሎኝ የኖርኩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

በመጋቢት ትልቅ ሥራ መጣ። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ነጋዴ ውጭ አገር ላሉ ሱቆች የምትልከው መቶ ሃያ የሕፃናት ሹራብ ነበር። ክሩንም ያመጣችልን እሷ ናት፤ እንደ እርጎ የነጣ የበግ ጠጉር። ወንጌላዊት አንገቱ ዙሪያ እንደ ቀፎ የተጠቀለለ ጌጥ ሣለችለት። ይህ ካማረ ለሚቀጥሉት ዓመታት ሥራ አናጣም ተባለ፤ ካላማረ ግን ሌላ ደንበኛ እንደሌለን ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ወር ሙሉ አንገታችንን ደፍተን ሠራን። እኔም ያን ጊዜ ነው ነይ፣ ለሁለታችንም ይበቃል ያልኩሽ።

ሰኔ ላይ ወንጌላዊት ዕቃው የሚሄድበትን ልትጨርስ አዲስ አበባ ወጣች። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ጫኚው፣ ንጹሕ ቦታ በጥላ አድርቂው ብላኝ ሄደች። አጠብኩት። ዝናቡን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ሳምንት ፀሐይ የሚባል ሳናይ ቀረን። ሹራቦቹ ሦስት ቀን ተዘርግተው አልደርቅ አሉ፤ አንዳንዱ መሻገት ጀመረ። ሰኞ ሲሆን ነገሩ አስጨነቀኝና እማዬን አማከርኳት። እማዬ ምን ያስጨንቅሻል ብላ ከምድጃው በላይ ያለውን ቆጥ አሳየችኝ። ኮረሪማ እዚያ አይደል የሚደርቀው? በቆሎ እዚያ አይደል የሚደርቀው? ማድ ቤት ደግሞ ጥላ ነው፤ እማዬም ቆጡን ጠርጋ ነጭ ነጠላዋን አነጠፈችበት። የቀረውን ለአምስት ሴቶች ቤት አከፋፈልኩ። በሁለት ቀን ክው ብሎ ደረቀ። የእግዚአብሔርን ብልሃት አየሽ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እያንዳንዱን አገላብጠን አየን፣ አሸተትን፣ አጣጥፈን በላስቲክ አሸግን። በጭስ ተወልደን በጭስ ላደግን ሰዎች ምን ይሸተናል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶኖቹ ተመልሰው መጡ፤ ወንጌላዊትም አብራ። ነጋዴዋ ካርቶኑን ስትከፍት ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ጎጆ ሸተተ አለች። ይህን ማን ሕፃን አንገት ላይ ያደርጋል ብላ መለሰችው። ወንጌላዊት አንዱን አውጥታ ዙሪያችንን እያዞረች አስሸተተችን። እመኚኝ፣ ያን ጊዜም ምንም አልሸተተንም። እርስ በርስ ተያየን። እትዬ አብርሆት ደግመው አሸተው፣ እኔ የሚሸተኝ አዲስ ልብስ ነው አሉ። በሳሙና አጠብነው፣ በሎሚ አጠብነው። ነጩ ወደ ቢጫ ሄደ እንጂ ሽታው አልወጣም። ጭስ ከበግ ጠጉር ውስጥ አይወጣም፤ ይህን በመቶ ሃያ ሹራብ ተማርኩ።

የባሰውን ልንገርሽ። ለምያን ስሟን ሰምተሻል፤ የሟቹ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ አንገት የምትሠራዋ፣ ከሁላችን እጇ የሚያምረው። እነሱ ቤት የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው። ስናሽግ አብራን ነበረች፤ ሽታውም ሸቷት ነበር። በኋላ አልቅሳ ነገረችኝ። እናቶቼን ቤታችሁ ይሸታል ማለት እንዴት ይቻለኛል፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ አለች። ምን ልበላት? እኔም በእሷ ዕድሜ ብሆን አልናገርም ነበር። እንዲያውም ብትናገር እቆጣት ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። በይሉኝታ ነው የሞትነው እትዬ።

ወንጌላዊት አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ። እትዬ በዛወርቅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዝናቡን እያወቅኩ ማድረቂያ ቤት ሳልሠራ ቀረሁ አለችኝና ወረቀቶቿን ከግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ነቀለች። ያቺ ነጋዴ ስልክ ማንሳት ተወች፤ ሌላ ክር የሚሰጠንም ሰው አልተገኘም። ነሐሴ ሲገባ ቤቱን አስረከበች። አሁን እዚያ ሲሚንቶ ይሸጣል። እሷ የመንግሥት ቢሮ ፈተና እየጠበቀች ነው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እያቀፈችኝ ዓይኔን ግን አታየኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ አብርሆት ከሺሺንዳ መጡ። መዘጋቱን የነገራቸው የለም። በተረፋቸው ክር የሠሩትን የስድስት ሳምንት ሥራቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው በሲሚንቶው ሱቅ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከረጢቱን ፈተው አሳዩኝ፤ ሁሉም እጅጌ ነው። ደረት የለው፣ አንገት የለው። ቤት ወስጄ ምሳ አበላኋቸው። ሲሄዱ ከረጢቱን ትተውልኝ ሄዱ፤ መንገድ ላይ ሰው ምንድን ነው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ አሉ።

እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። እኔ ድግሱን በዚህም በዚያም ፈልጌ አጣሁት። ሴቶቹ ተበትነዋል። ግማሾቹ ለቡና ለቀማ ማንኪራ ለመውረድ ቀኑን ይጠብቃሉ፤ ግማሾቹ ቤት ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ኢሳያስ ተስፋ አትቁረጪ ይለኛል፤ እሱም ቢሆን ሲለው ወደ መሬት እያየ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ለምያ ናት። አዎ፣ ያቺው ለምያ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ስለሆነች ሥራው ሲቀር ቪዛ አስወጣች። አንቺ ትመጫለሽ ስንል እኛ ወደ አንቺ መምጣት ጀመርን። እባክሽ እንደ ልጅሽ ተቀበያት። በረኪናውን በጓንት እንድትይዝ አስተምሪያት፤ እነዚያ ጣቶች ሲበላሹ ማየት አልችልም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ማዳምሽ ሁለት ዓመት ፈርሚልኝ ስትልሽ እምቢ ማለትሽን ነግረሽኛል። እትዬ፣ ፈርሚላት። አፌን ይቁረጠውና እኔው ነይ ያልኩሽ አትምጪ እልሻለሁ። እዚህ የሚጠብቅሽ ወንበር የለም፤ ያለሽን ይዘሽ መጥተሽ ከእኔ ጋር ዝናብ ስታዪ ልትውዪ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ማለቅሽን አውቃለሁ። በዚያ ላይ ሁለት መጨመሬን አትርሺብኝ፣ ይቅርም አትበዪኝ፤ ብቻ አትቀየሚኝ።

አብራሽ ላለችው ለህይወት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢሳያስ በጣም ናፍቀሽናል ብሏል። ልጄ ኤሊ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። ወንጌላዊት ሰላምታ ላኪ ብላት ደብዳቤውን አጣጥፋ መለሰችልኝ፤ ሰላምታ ነው ብለሽ ውሰጂው። እንደማትመጪ ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም፤ አንቺው በስልክ ንገሪያት፣ እኔ አፍ የለኝም። የአንቺን ቆጮ ለብቻ ቀብራለች፣ አልጋሽንም ኢሳያስን አሠርታ ጠፍሩን አስቀይራለች። አሁን ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ብላት ሳቀችብኝ። በሚቀጥለው ወር በአካል ለምስማት ልጅ ምን ሰላምታ ያስፈልጋታል፣ ወረቀቱን አታባክኚ አለችኝ።

እህትሽ በዛወርቅ
ቦንጋ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.