ጳጉሜን የማያውቀው ዲስክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ሙሉጌታ ሥራዬን ደመሰሰብኝ። ሌላ ስም አልሰጠውም። የቢሯችን ኃላፊ ነው፤ ይሁን። ትናንት እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ከበላይ የተላከለትን ዲስክ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተተ። ለእህል ዕደላው ምዝገባ ፕሮግራም የጻፍኩት የቀን መቁጠሪያ ፋይል በዚያው ስም በመጣው አዲስ ፋይል ተተካ። መጠባበቂያ ዲስኬንም ከመሳቢያዬ አውጥቶ በላዩ ጻፈበት።

ዛሬ የእህል ዕደላው ስም ዝርዝር መጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። ወይዘሮ ደጌ ከድብ ባሕር በእግሯ መጥታ ስሟን አጣች። ባሏ ከዘመተ ወሬው ጠፍቷል፤ ሦስት ልጆች አሏት። "አያ ታከለ፣ አንቱ አይደሉ እንዴ የመዘገቡኝ? የት ጣሉኝ?" አለችኝ በሰው ፊት። ዕደላው ቅዳሜ ያበቃል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ናፍጣ የለም። ጀኔሬተሩ የሚነሣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። በዚያችው ጊዜ ነገሩን ደረስኩበት። ደጌ የተመዘገበችው በጳጉሜ ነው። አዲሱ ፋይል የፈረንጅ ነው፤ ዓመቱ ዐሥራ ሁለት ወር። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲያገኝ ሰውየውን ይጥለዋል። ያውም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ! በክረምቱ መጨረሻ የመጡት ሁሉ ከዝርዝሩ ወድቀዋል።

እታገኝ የቢሮው ጸሐፊ ናት፤ ፕሮግራም አጻጻፍ አስተምራታለሁ። "ፕሮግራሙ ሲገጣጠም እኮ ማሽኑ ምንም ስህተት አላለም" አለችኝ። ማሽኑ የሚያየው መግጠሙን ነው፤ መቃኑ ላይ የገጠመ በር ሁሉ የዚያ ቤት በር አይደለም አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ስብሰባ። ሙሉጌታ ተነሥቶ "ጓድ ታከለ ዘመኑ አልፎባቸዋል። ያለ አስተማሪ የተማሩት ነው ያሳታቸው" አለ። ስሞቹ የጎደሉት በእኔ ጥፋት ነው ተብሎ ተጻፈ። ግለሂስ አድርግ ተባልኩ።

"የሌለብኝን አልናዘዝም። ደግሞም የንስሐ አባት አለኝ" አልኩ።

ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው አቀረቀሩ። እንዲህ ያለ ሳቅ ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል።

ስንወጣ እታገኝ ተከተለችኝ። "ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ግልባጭ ይስጡኝ ስልዎት 'ከእጄ አይወጣም' ብለው ከለከሉኝ። ያኔ ቢሰጡኝ ኖሮ..."

ኮቴን ቆልፌ መንገዴን ቀጠልኩ። ከሊማሊሞ በኩል የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

የጠፋውን ፋይል ከአእምሮዬ እየጻፍኩ ነው። ጳጉሜ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በዮሐንስ አምስት፤ በሉቃስ ስድስት። ይህን ያወቅሁት ከኮምፒዩተር መጽሐፍ አይደለም። ግማሽ ላይ ስደርስ ጀኔሬተሩ ጠፋ። ዲስኩ ላይ ያላስቀመጥኩት ሁሉ ሄደ። እንደገና መጀመር ነው።

ከሰዓት በኋላ ያለ መብራት ለእታገኝ በወረቀት አስረዳኋት፦

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያው ይሠራል።
ከዚያ ምዝገባው፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው የሚቆመው።
መጨረሻ ዝርዝር አታሚው፤ በሁለቱም ላይ ይቆማል።
ከታች ያለው ከተለወጠ በላዩ የቆመው ሁሉ እንደገና ይሠራ።
የትኛው ክፍል ከስንተኛው እትም ጋር እንደሚሠራ ይጻፍ። አዲስ ስለሆነ ብቻ አይተካ።

"ይህን ሁሉ በየጊዜው በእጄ ልሥራው?" አለች። የለም አልኳት፤ ቅደም ተከተሉን አንድ የትእዛዝ ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ እንጽፈዋለን፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል። ሰው ይረሳል፤ ይቸኩላል። አንድ መስመርም ጨመርኩበት፦ የተመዘገበውና ለኅትመት የወጣው ሰው ቁጥር እኩል ካልሆነ፣ ቁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

ጨረስኩ። ትእዛዙን ሰጠሁት፤ ቆመ። ቁጥሩ አልገጠመም። ማሽን ስለቆመ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ቁጥር ተሳስቼ ኖሯል። አረምኩት፤ አለፈ። ፕሪንተሩ እየተንጫጫ የደጌን ስም አወጣው። ጣቴን አስቀመጥኩበት።

ሁሉንም በሌላ ዲስክ ገልብጬ ለእታገኝ ሰጠኋት።

"ዛሬ ምን ነካዎት ጋሼ?"

"ያዢ ስልሽ ያዢ።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ሙሉጌታ አዲሱን ዝርዝር ቀና ሳይል ፈረመበት። የጳጉሜ ሰዎች እህላቸውን ተሸክመው ሄዱ። የደጌ ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። አልቀረበችም።

ጎረቤቷን አገኘሁት። "ሐሙስ ልጆቿን ይዛ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ወረደች። እዚያ ዘመድ ያላትም አይመስለኝ" አለኝ። ድርሻዋን አስቀምጡልኝ ብል፣ መጋዘኑ ዛሬ ይዘጋል አሉኝ። ወደ ጎንደር ለሚወርደው አውቶቡስ ረዳት ነገርኩት፦ "ደጌ የምትባል ሦስት ልጆች የያዘች ሴት ካገኘህ፣ ስምሽ ወጥቷል በላት።" እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዳባት ሲደርስ ይረሳዋል። ላይረሳውም ይችላል።

ማታ ስወጣ ሙሉጌታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ጋሽ ታከለ፣ በቃ ይለፈን" ብሎ እጁን ዘረጋ። ባርኔጣዬን አድርጌ አለፍኩት።

ደጌ ከተመለሰች የራሴን ቀለብ እሰጣታለሁ። ስለ ዲስኩና ስለ ሙሉጌታ ግን ከዛሬ ወዲያ በአፌም በብዕሬም አላነሣም። እታገኝም ብትጠይቀኝ፣ አልናገርም።