ገጽ አራት ላይ ያለው እጅ የኔ ነው

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዲበኩሉ
የኮኮናት ደሴት ሎጅ ሥራ አስኪያጅ
ቆቃ ሐይቅ ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለእንግዶችዎ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ድረስ በመኪና ተጭነው መጥተው አሸዋው ላይ ለቆሙት የፕላስቲክ ዘንባባዎች ሁሉ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ዘንባባዎቹን እየጣለ እንዳስቸገረዎት ሰምቼ አዝኛለሁ። የዚያ ሐይቅ ነፋስ ትልቅ ሰው አያውቅም፤ የቆመ ሁሉ ለእሱ እኩል ነው።

እኔ ጤናዬ ሰይፈሚካኤል እባላለሁ። አዳማ ገበያ ጥግ ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ቀድሞ ምድጃዬ የነበረው እርስዎ አሁን መዋኛ ገንዳ ያሠሩበት ቦታ ላይ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ዓሣ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ዘይት ያላጠፋውን መስመር እያነበብኩ፣ ያጠፋውን እየገመትኩ። ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ የጎደለ ነገር ቢያገኙ ዘይት ነክቶት ነው ብለው ይለፉኝ።

የእርስዎም ጽሑፍ የደረሰኝ በዚሁ መንገድ ነው። ባለፈው ወር መጠቅለያ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ጋዜጣ ጠፋ ብሎ በኪሎ የሚሸጥ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በእሽግ አመጣልኝ። ስፈታው «ሞቃታማ ደሴት በደጃፍዎ፤ የት ያርፋሉ? የት ይመገባሉ?» የሚል የሎጅዎ መጽሔት ሆኖ ተገኘ። የስልክ ቁጥሩ ተሳስቶ ስለታተመ እንደተጣለ ነጋዴው ነገረኝ። ይህን የመሰለ ወረቀት ስላበረከቱልን ደንበኞቼ ሁሉ ያመሰግኑዎታል። ዘይት አያሳልፍም።

ታዲያ ዝም ብዬ አልጠቀለልኩበትም፤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እንደ አንድ አንባቢም ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደሴቱ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ስንኖር ደሴት ላይ መሆናችንን የነገረን ሰው አልነበረም። በበጋ ከብት በእግሩ ተሻግሮ የሚግጥበት፣ በክረምት ብቻ ውሃ በሦስት በኩል የሚከበው መሬት መስሎን ነበር። እርስዎ ግን መጡና በሲኖትራክ አሸዋ አስገልብጠው በስድስት ወር ደሴት አደረጉት። ቀደም ብለን አውቀን ቢሆን እኛም ችግር ላይ ነን ማለታችንን ትተን ሽርሽር ላይ ነን እንል ነበር። እምቦጩንም «የሐይቁ አረንጓዴ ምንጣፍ» ብለው ስለጠሩልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ መረቡ ሲተበተብበት ሌላ ስም ነበር የሚያወጣለት፤ እዚህ አይጻፍም።

ሁለተኛ፤ የት ያርፋሉ ስለሚለው። ለክፍሎቹ ዛንዚባር፣ ሲሼልስ፣ ማልዲቭስ እያሉ የሩቅ ደሴቶችን ስም ሰጥተዋቸዋል። «መስኮትዎን ሲከፍቱ ከሐይቁ በቀር የሚያዩት አይኖርም» የሚለውም እውነት ነው፤ ሌላ የሚታይ እንዳይኖር እኛን አስቀድመው አንሥተውናል። ሲሼልስ የሚባለው ክፍል የቆመው የእኔ ቤት በነበረበት ላይ ነው። ልጄ ኢፍቱ የተወለደችው እዚያ ነው። እዚያ ለሚያርፉ እንግዶች አንድ ምክር ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፦ በምሥራቅ በኩል ያለው መስኮት ከሰዓት በኋላ ጠበቅ ተደርጎ ይዘጋ። ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። ለምክሩ ምንም አይከፍሉም።

ሦስተኛ፤ የት ይመገባሉ ስለሚለው። ይህን ክፍል ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። ገጽ አራት ላይ «በጥንታዊ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ በተሰናዳው ቡፌ ትኩስ ዓሣ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ይጣፍጥዎ» ይላል። ፎቶግራፍም አለው። ጀልባዋ ሰማያዊ ተቀብታ ሆዷ በበረዶ ተሞልቷል። በበረዶው ላይ ቆሮሶ ዓሣ በሰላጣ ቅጠል ተከቦ ተደርድሯል፤ ሐብሐቡ እንደ አበባ ተቀርጿል። በግራ ጥግ በኩል አንድ የሴት እጅ ሎሚ ሲያስቀምጥ ይታያል። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቁጥሬን አቋርጣለሁ። የቀረው በቁጥር የሚሄድልኝ አልሆነም።

ጀልባዋ ጥንታዊ አይደለችም። የባለቤቴ የጉርሜሳ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለዓሣ እንደወጣ ነፋስ ተነሣና እሷ ብቻዋን ወደ ዳር ተመለሰች። ሰባት ቀን ፈለግነው። ሐይቁ አልመለሰልንም። እኛ ዳርቻ ያሉ ዓሣ አጥማጆች አንድ ልማድ አላቸው፤ ሐይቅ ያስቀረው ሰው ጀልባ አይሸጥም፣ አይገዛም፣ ማንም አይሳፈርበትም። ከውሃው ተጎትቶ ግራር ሥር አፉን ወደ መሬት ይደፋል። በዚያው ይኖራል። አስከሬን ለሌለው ሰው መቃብሩ እሱ ነው። ልጆች ሲጫወቱ እንኳ አይወጡበትም።

ጉርሜሳ ሲሞት ኢፍቱ ሦስት ዓመቷ ነበር። የአባቷን ፊት አታስታውሰውም። የምታውቀው የተደፋችውን ጀልባ ነው፤ በየዓመቱ ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን አብረን ሄደን የጀልባዋን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ እናብስ ነበር። ከጠርዟ አጠገብ ጉርሜሳ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ በአሥራ ሦስት ሚስማር የመታው ጥገና አለ። ኢፍቱ መቁጠር የተማረችው በእነዚያ ሚስማሮች ነው። ሚስማሮቹን ለጉርሜሳ ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ አውራ ጣቴን የቆረጠኝም ያ ቆርቆሮ ነው።

የሎጁ ሥራ ሲጀመር ጀልባዋን ያነሡት ሠራተኞች ይህን ሁሉ አያውቁም ብዬ እንዳልጽናና፣ ተነግሯቸዋል። ጥበቃዎ ባጫ ቀድሞ ከጉርሜሳ ጋር መረብ የሚጥል ሰው ነበር። ሎጁ ከተመረቀ በኋላ አግኝቶኝ እንዲህ አለኝ፦ «አዴ ጤናዬ፣ እኔ ነግሬአቸዋለሁ። መቃብር ናት፣ ተዉአት አልኩ። ‹እንግዲያው ቅርስ ናታ! ይበልጥ እንንከባከባታለን› አሉና ገለበጧት። እኔ ዘበኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ይህን በመጻፌ እባክዎ ባጫን እንዳይቆጡት። እንዲጠብቅ ነው የቀጠሩት፤ እሱም ሊጠብቅ ሞክሯል።

እኛ ስድስት ዓሣ ጠባሾች ከዳርቻው ስንነሣ ለሁለታችን በወጥ ቤትዎ ሥራ ሰጥተውናል፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ለዚህም ምስጋናዬን ሳላቀርብ አልቀርም። ሎጁ በተመረቀ ዕለት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ትሪ አስይዞ ወደ ጀልባዋ ወሰደኝ። በአዲስ ቀለም ስለነበረች መጀመሪያ አላወቅኋትም። ዓሣውን ደርድሬ ሎሚውን ሳስቀምጥ በአንድ እጄ ጠርዟን ያዝኩ። ጣቶቼ ከቀለሙ ሥር የሚስማር ራስ ነኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ነበሩ።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። ትሪውን መጣል፣ በረዶውን በእጄ እየዛቅሁ ማውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም የምል ሰው ነኝ። እንግዶቹ ሰሐን ይዘው ቆመዋል፤ እርስዎም በአዲስ ሱፍ ቆመዋል። ፎቶ አንሺው «ማዘር፣ እጅሽን እዚያው ያዢልኝ፣ አሪፍ ነው!» አለኝ። ያዝኩለት። የቀረውን ሎሚ ደርድሬ ጨረስኩ። እርስዎም ቀረብ ብለው አይተው «ጎበዝ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው መርቆኛል፤ እንደዚያ ቀን ምርቃት ግን እጄ ላይ የከበደኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ሥራውን ተውኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ለኢፍቱም ጀልባዋ በአጥሩ ውስጥ እንደ ድሮዋ ግራሩ ሥር ተደፍታ አለች፣ ነገር ግን መግባት አይፈቀድም አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኔ አሥራ ሰባት ሲደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆመን፣ ከአጥሩ በላይ የሚታየውን የግራሩን ጫፍ ብቻ አይተን ተመልሰናል። እሷ ጨርቋን አርጥባ ይዛ ትመጣ ነበር። ጨርቁን እንደያዘች ትመለስ ነበር።

መጽሔትዎ የመጣ ዕለት ኢፍቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ዓሣ ትጠቀልልልኝ ነበር። ገጽ አራት እጇ ገባ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከቀለሙ ሥር ያበጡትን የሚስማር ራሶች ስትቆጥር ነበር። «እማ፣ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም?» አለችኝ። «አባዬ ላይ ነው ሰላጣ የደረደርሽው?»

ከዚያ ወዲህ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ታጥባለች። ለደንበኞች «ስንት ልጠቅልልላችሁ?» ትላለች። ለእኔ ግን ቃል የላትም። ዝምታውን ከማን እንደወረሰችው ስለማውቅ ልቆጣት አልችልም።

እንግዲህ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ካሳ አልጠየቅሁም፤ መሬቱንም ይመልሱልኝ አላልኩም፤ ደሴት መመለስ ከባድ ሥራ መሆኑ ይገባኛል። ጀልባዋን እንደ ነበረች ግራሩ ሥር አፏን ወደ መሬት አስደፍተው ያስቀምጡልኝ። አራት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ባጫ ይሆናል፣ ጠይቄዋለሁ። ቀለሙን መፋቅ አያስፈልግም። ጉርሜሳ ሰማያዊ ይወድ ነበር። ሰኔ አሥራ ሰባት ሲደርስ ደግሞ በርዎን ለአንድ ሰዓት ይክፈቱልን። እንግዶችዎን አንረብሽም፤ አብሰን እንወጣለን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎ ባይመልሱልኝ እንኳ ልጄ እንድታነበው ነው። እናቷ ያን ቀን ዝም እንዳለች በፎቶግራፉ አይታለች። ዛሬ ዝም እንዳላለችም ትይልኝ።

የሎጅዎ ቡፌ ሁልጊዜ የሞላ፣ ዘንባባዎ ከነፋስ የተጠበቀ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ሳላውቅ በደሴትዎ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያረፍኩና በባሌ መቃብር ላይ ለእንግዶችዎ ሎሚ የደረደርኩ፣

አክባሪዎ
ጤናዬ ሰይፈሚካኤል
ከአዳማ

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ የመጽሔትዎን ሌሎች ገጾች በሙሉ ተጠቅሜ ጨርሻቸዋለሁ፤ ዛንዚባርም ሲሼልስም አምባዛ ዓሣ ተጠቅልሎባቸው ሄደዋል። ገጽ አራትን ግን ከእያንዳንዱ መጽሔት ላይ ገንጥዬ አስቀምጫለሁ። እኛ ዓሣ ጠባሾች የተማርነው ጥቂት ነው፤ ምን ላይ ምግብ እንደማይቀመጥ ግን እናውቃለን።