የተሳሳተውን ሰው ስለተከተለው ሰላይ፤ ለፊልም ገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ

ለተከበሩ የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጥርስዎን ሳያሳዩ ቀልድ የመመልከት ችሎታዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ፤ ቢሮዎ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ወገቤን ከመፍጀቱ በቀር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊልሙ ውስጥ ሰላዩ የሚለብሰውን ረጅም ካፖርት የሰፋሁት እኔ ስሆን፣ ካፖርቱን ለብሶ የሚተውነው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፦ ሰላዩ አንድ አደገኛ ሰው እንዲከታተል ይላካል፤ ቤት ይሳሳትና ዳቦ ጋጋሪ ሲከታተል ይከርማል። ሰውየው ሊጥ ሲያቦካ «ሊጥ አቦካ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ አለቆቹም የሊጡን ምሥጢር ሲመራመሩ ይውላሉ። እሱ በበኩሉ ዱቄት መሸከም፣ እሳት መቆስቆስ ይጀምርና በመጨረሻ የዳቦ ቤቱ ሸሪክ ሆኖ ቁጭ!

ኮሚቴዎ እንደ ልማዱ ሥራችንን «ጥንካሬ» እና «ድክመት» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ስለገመገመልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጥንካሬ በኩል የሰላዩ ሰላምታ አሰጣጥ ሥርዓት ያለው መሆኑና ካፖርቱ በደንብ መተኮሱ ተጠቅሷል። ካውያዬ በኮሚቴ ይመሰገናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በድክመት በኩል ግን፦

፩ኛ. «ሰላይ ስለማይሳሳት ትክክለኛውን ሰው ይከተል» ብላችኋል። እሺ፣ ይከተለውና ይያዘው፤ ፊልሙ ግን ተመልካቹ ወንበሩን ሳያሞቅ ያልቃል። ቀሪውን ሰዓት ምን እያየ ይቀመጥ፣ ካፖርቱን?

፪ኛ. «ጋጋሪው ጥፋት ከሌለበት ለምን ተከተሉት የሚል ጥያቄ ስለሚያስነሳ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥፋት ይገኝበት» የሚለውስ እንዴት ያለ አርቆ ማሰብ ነው! ይህን የነገርኩት የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ከአሁኑ ጥፋቱን መፈለግ ጀምሯል።

፫ኛ. «የስለላ ቢሮው ኃላፊ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ተመልካች ሊስቅ ይችላል» ተብሏል። ጌታዬ፣ አስቂኝ ፊልም እኮ ነው! የሚያሳስበውስ ባይስቅ ነበር።

ላዳላ አልፈልግም፤ ፊልሙ እንከን የለውም አልልም፤ እኛም ዓይን አለን። መሐል ላይ ያለው የብስክሌት ማባረር ማለቂያ የለውም፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፤ ወንድሜም በርሜል ውስጥ ተደብቆ ሳለ ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የበርሜሉን ገና በቀረጻው ላይ ፊት ለፊት ነግሬው ተኳርፈን ነበር። ግን ያቺ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ የሚወጣባት ቦታ፣ ሰላይነቱን ጭራሽ ረስቶ ደስ የሚለው ነገር! እዚያ ጋ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። እሷን ከጥንካሬውም ከድክመቱም ውስጥ አላገኘኋትም።

፬ኛ. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። «ድክመቶቹ በዚያው ተዋናይ በድጋሚ ተቀርጸው እስኪታረሙ ድረስ ፊልሙ በኮሚቴው እጅ ይቆያል» ይላል። ዋናውም ቅጂውም ይቅረብ ስላላችሁ በእጃችን የቀረ የለም። ወንድሜን ደግሞ ቀረጻው ባለቀ ማግሥት ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ አንደበቱም ተይዟል። የሐኪም ማስረጃ ይዤ ብመጣ ጸሐፊዎ፣ እውነት ለመናገር ከልቧ አዝና፣ «እህቴ፣ ደንቡ ተዋናዩ ራሱ ይላል እንጂ ጤነኛ ተዋናይ አይልም» አለችኝ።

ሐኪሙ ድጋሚ ከመታው አይተርፍም ብሎኛል። እሱ ግን በነጋ ቁጥር ካፖርቱን አልብሱኝ ብሎ በግራ እጁ ያመለክታል፤ በር ላይ ተቀምጦም ሲኒማ ቤት እስክወስደው ይጠብቃል። «ነገ» እለዋለሁ። የት ሄጄ አቤት እንደምል ግራ ቢገባኝ ነው በአደባባይ የጻፍኩልዎ።

ልመናዬ ትንሽ ነው። ለሕዝብ አይታይ፤ ይቅር። በአዳራሻችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ለእሱ ብቻ ይታይለት። እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። እሱ ግን የሚስቀው በግማሽ ፊቱ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ጥፋት ተብሎ ይታለፍለት።

ተመልካችን ከሳቅ አደጋ ለሚጠብቀው ለማይሰለቸው ትጋትዎ ያቺው የታመመች ወገቤ እስከፈቀደችልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የካፖርቱ ሰፊ፣ የሰላዩ እህት

ተጨማሪ፦ የአዳራሻችሁ ጽዳት ሠራተኛ እንዳጫወተችኝ፣ ፊልሙን በገመገማችሁበት ቀን ሳቃችሁ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር፤ እርስዎማ መነጽርዎን አውልቀው እንባዎን ሲጠርጉ ነበር አሉ። ክስ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ክንዴን በግራ እጁ ጨምድዶ ይዞ፣ የቱ ጋ እንደሳቃችሁ በምልክት ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ አላወቅኩለትም። ፊልሙን ባትመልሱልን እንኳ እባክዎ እሷን ብቻ ይጻፉልን፤ የቱ ጋ ነበር የሳቃችሁት?