አባዬ የመረጠው የባሕር ዳርቻ

ይድረስ ለወንድሜ ለምንይሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚያምህ ለቀቀህ ወይ? የኖርዌይ ብርድስ በረድ አለልህ? እኔ እህትህ ወይንእሸት፣ ልጆቼም፣ እናታችንም በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ወንድምዬ፣ ይህን ስታነብ ብቻህን ከሆንክ እዚህ ላይ አቁም። አብሮህ የሚኖረው ሣህለ ማርያም ከሥራ እስኪመለስ ጠብቀውና አጠገብህ ይቀመጥ። እለምንሃለሁ።

አባታችን ዐርፏል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ሦስት ቀን ብቻ ታሞ ቢቸና እቤቱ ዐረፈ። ተዝካሩም ወጥቷል።

ያን ጊዜ አንተ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ታመህ ተኝተህ ነበር። አጎታችን የኔሰው «መርዶ በወረቀት አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ቤቱ ገብቶ፣ ትከሻውን ይዞ የሚነግረው ሰው እስኪገኝ ይቆይ» አለ። እኔም እሺ አልኩ። እማዬ ግን ቢቸና በሄድኩ ቁጥር «ልጄ ተነገረው ወይ? ማን ያዘው?» እያለች ስታስጨንቀኝ፣ አንድ ቀን «ተነግሮታል» አልኳት። ዕረፍት ታገኝ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው እፈልጋለሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ።

በዚህ መሐል ነው የዛንዚባሩ ሐሳብህ የመጣው። አንተ አገር ቤት መግባት ስለማትችል፣ ሰኔ ላይ አባዬንና እማዬን ደሴቱ ላይ ልታገኛቸው አሰብክ። ያን ሥዕሉ የበዛ መጽሔት ላክህና «አሥር ቀን ነው ያለን፤ የትኛው ባሕር ዳርቻ እንሂድ? አባዬ ይምረጥ» አልክ። የደረሰኝ ሞጣ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች ስፈትን ነው። እውነቱን መጻፍ የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩልህ፦ «አባዬ ኑንግዊን አልወደደም፤ ውሃው ከደጅ አይርቅም ብሏል። ጃምቢያኒ ይሁንልኝ፣ እዚያ ባሕሩ በየቀኑ እየሸሸ አሸዋውን ይለቃል አሉ፣ በቅሎ ስነዳ ዓባይ ያስፈራራኝ ይበቃኛል ብሏል።»

አንተም «በሳቅ ፈረስኩ፤ አባዬ ዛሬም ያው ነው» ብለህ መለስክ። ለጉልበቱ ብለህ ደረጃ የሌለው ክፍል ጃምቢያኒ ላይ ያዝክ። ልንገርህ፣ ያን ቃል ስጽፍ እኔም ለአንድ ቀን ያለ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሁሉ የማፍረው በዚህ ነው።

እማዬ ፊደል እንደማትቆጥር ታውቃለህ። ደብዳቤህን ቢቸና ድረስ ይዤ የማነብላት እኔ ነኝ። «አባዬ እንዴት ነው» የሚለውን እየዘለልኩ አነብላት ነበር። ስለዚህ ከአንተ የምትሰማው ስለ አሸዋ፣ ስለ ዘንባባ፣ ስለ ጥላ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አቋረጠችኝና «የልጄ ልብ ደነደነ። ለአባቱ አንድ ቀን አላለቀሰም፤ የመዋኛ ቦታ ይመርጣል። እኔ ከሌን ለብሼ እዚያ ምን ልሠራ? አልሄድም» አለች።

ይህን መሸከም አልቻልኩም። እግሯ ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ደብዳቤዎችህን በነጠላዋ ቋጥራ ጎረቤታችን መሪጌታ አካለ ወልድ ዘንድ ሄደች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስነበበቻቸው። በኋላ ሲነግሩኝ፣ «አባዬ እንዴት ነው» የሚለው ጋ በደረሱ ቁጥር «ይድገሙት» ትላቸው ነበር።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ መጽሔቱን ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ገልጣ ሚቻምቪ የሚባለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሥዕሉ ላይ ሰው የለም። «እዚህ ጮኾ ቢያለቅስ የሚያየው የለም። መጀመሪያ እዚህ ይውሰደኝ። ሌላውን አሸዋ አላውቀውም» አለች።

እንግዲህ ትኬቱን ለአንድ ሰው ብቻ ቁረጥ። የጃምቢያኒውን ክፍል ሰርዘው፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። የአባትህን ልቅሶ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጥቄሃለሁ፤ በምን እንደምመልስልህም አላውቅም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ባለቤቴ ሰማው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎሃል። ልጄ ሳባና ታናሽዋ ይስሙሃል። አጎታችን የኔሰው «ጥፋቱ የኔም ነው» ብሎ ሰላምታውን አደራ ብሏል። ይርጋነሽ አክስታችን እንደ አዲስ ቁጭ ብላ አልቅሳልሃለች። ሣህለ ማርያምን ከጎንህ እንዳይለይ ንገርልኝ።

ከቢቸና ከመመለሴ በፊት የእማዬን ሰላምታ ለመጻፍ ብዕሬን ይዤ ፊቷ ተቀምጬ ነበር። «ያንቺ እጅ የኔን ቃል አይጽፍም» አለችኝ። የሷን በመሪጌታ እጅ ተጽፎ ጠብቅ።

እህትህ ወይንእሸት
ሞጣ፣ መጋቢት 11 ቀን 1994 ዓ.ም.