አራተኛዋ ምት

እቴ ኔሪስ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ትራገሚያለሽ? ባልሽ ዳረልስ፣ ልጅሽ ካሪንስ፣ የልጅ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? የፐርዝ ሙቀት አላስቀምጥ አለኝ ብለሽ የጻፍሽውን ለባለቤቴ ለግሌኒስ ባነብላት፣ ግማሹን በፖስታ ላኪልን በላት አለች። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ስልሽ ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ግሌኒስ ከገና ወዲህ አንድም ቀን አልሳለችም።

ምን ተገኘ ማለትሽ አይቀርም። ቤቱን አሞቅነው! አዎ፣ የእናታችንን ቤት፣ አሥራ አራት ቁጥርን፣ ያን መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ ይሠራ የነበረውን ቤት። አውስትራሊያ ስትሄጂ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ፣ «ይህ ቤት እስኪሞቅ አልመለስም» ያልሽው ትዝ ይልሻል? እኔ አልረሳሁትም፤ ቂመኛ መሆኔን ታውቂያለሽ።

ነገሩ የተጀመረው አምና ክረምት የግሌኒስ ደረት ሲብስባት ነው። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ፣ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሌላ ክረምት ከቆየች ሳንባዋ አይችለውም አለኝ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ ሪያን የምትባል ሴት ከማዘጋጃ ቤቱ መጣች። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥማ አየሩን ወደ ውጭ ስትስበው፣ ብርዱ በየት በየት እንደሚገባ በእጃችን እየዳሰስን አገኘነው፤ ከወለሉ ጣውላ መሃል፣ ከደብዳቤ ማስገቢያው፣ ከኮርኒሱ። ምድጃው ዘንድ ስትደርስ ግን በጭስ ማውጫው የሚወርደው ነፋስ ፀጉሯን በታተነው። «ኢድዋል፣ አንተ እኮ የምታሞቀው ቤት አይደለም፣ ሰማዩን ነው» አለችኝ።

ኮርኒሱ ላይ የበግ ፀጉር ደለደልን። እነዚያ በጎች ስንት ዘመን ከተራራ እየወረዱ የቆሻሻ በርሜላችንን ሲገለብጡ ኖረው፣ አሁን ገና ካሱን። ከወለሉ ሥርም እንዲሁ አደረግን፤ በመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳም በውስጥ አለበስነው። የቀረው ምድጃው ነበር። እሱ ካልተዘጋ የሌላው ሁሉ ድካም ከንቱ ነው አለች ሪያን።

እኔን የጨነቀኝ የጎረቤታችን የእማማ ኦልወን ነገር ነው። የእሳቸው ምድጃና የእኛ በአንድ ግድግዳ ጀርባ ለጀርባ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በእሳት መቆስቆሻው የምድጃቸውን ጀርባ ሦስት ጊዜ ይመታሉ፣ እኔም ሦስት ጊዜ እመልሳለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ደኅና ማደራቸውን የማውቀው በዚያ ነው እያልኩ በሆዴ ስኮራ ኖሬአለሁ። ምድጃውን ብዘጋው አይሰማኝም፤ ብተወው ደግሞ ግሌኒስ ታስላለች።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ፈሪ የሚያደርገውን አደረግሁ። ምላሳቸውን ፈርቼ ሳልነግራቸው፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ ማክሰኞ በኮምፔንሳቶ አስዘጋሁት። የጭስ ማውጫው እርጥበት እንዳይዝ ትንሽ መተንፈሻ ብቻ ተውንለት። ነገ ጠዋት በእግሬ ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ፣ ቀስ ብዬም አስረዳቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አዬ እቴ! ረቡዕ ጠዋት ቤቱ ሞቆ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ። የነቃሁት የውጭው በር ሊሰበር ሲደርስ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ወርጄ ብከፍት እማማ ኦልወን በቢጃማና በነጠላ ጫማ፣ መንገዱ በረዶ ጋግሮ፣ መቆስቆሻውን እንደ ጦር ጨብጠው ቆመዋል። ቢያዳልጣቸው ኖሮስ ብዬ ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። መጀመሪያ ደረቴን በእጃቸው ዳሰሱኝ፤ ከዚያ ስድቡ ወረደ። «አንት ደንቆሮ! ስመታ ስመታ ዝም! ቤታችሁን ወታትፋችሁ ታፍናችሁ የሞታችሁ መስሎኝ እኮ ነው!»

አስገብተን ሻይ ሰጠናቸው፤ ከኮምፔንሳቶው ጋር አፍጠው ተያዩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። «እኔ እኮ የምሰማው የእርስዎን ደኅንነት ለማወቅ ነው፤ ከእንግዲህ በእግሬ እየመጣሁ አይዎታለሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «የኔን? የኔን ደኅንነት ማን ጠየቀህ?» አሉ። «እናትህ በመጨረሻዋ ቀን እጄን ይዛ፣ ኢድዋል እንቅልፋም ነው፣ ኔሪስም ሩቅ አገር ናት፣ ልጆቼን አደራ አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምቀሰቅስህ እኔ ነኝ!» እቴ፣ የስድሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እየጠበቅኋቸው ነው ስል ለካ እየጠበቁኝ ኖረዋል።

ለሪያን ደውዬ ነገሩን ባጫውታት መጀመሪያ ሳቀች፣ በማግስቱ ግን አናጺውን ይዛ መጣች። ኮምፔንሳቶው ላይ መዳፍ የምታህል በር ተቆርጣ ዙሪያዋ ጎማ ተለጠፈላት። ስትዘጋ ትንሽም ነፋስ አታስገባም። ሪያን በወረቀቷ ላይ ምን ብላ እንደምትመዘግባት ቸገራት፤ ግሌኒስ የወሬ በር ብለሽ ጻፊያት አለቻት። አሁን በየጠዋቱ በደወል ሰዓት እነቃና፣ በሯን ከፍቼ እማማ ኦልወን እስኪቀሰቅሱኝ እጠብቃለሁ። እሳቸውም ግድግዳው ስለሞቀ ወንበራቸውን ወደ እኛ አስጠግተዋል፤ የሚያወሩት ግን ለእኛ ውለታ እንደዋሉ ነው። በጸደይ የእሳቸውም ቤት ይሠራል።

ለዳረል ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ዓሣ ማጥመድ አልተውኩም በዪው። ካሪንንና ልጆቿን ሳሚልኝ፤ ትንሿ የላከችልን ሥዕል ምድጃው ላይ ተለጥፏል። ግሌኒስ ያለ ሳል ትስምሻለች።

እማማ ኦልወን ግን ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም አሉ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የሚመቱት አራት ጊዜ ነው። አራተኛዋ ምንድን ናት ብላቸው፣ «እናትህ ልጆቼን ነው እንጂ ልጄን አላለችኝም፤ የኔሪስ ናት» አሉኝ። እኔ የምመልሰው ሦስቱን ነው። አራተኛዋን መጥተሽ ራስሽ መልሺያት፤ ቤቱ ሞቋል።

ወንድምሽ ኢድዋል
ትሬኦርኪ፣ ዌልስ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019