ወደ እትዬ ጥሩወርቅ መስኮት የዞረው ጭስ

ውድ ወንድሜ ነስሩ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ? ሶፊያስ፣ ልጆቹስ? የጅግጅጋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። እዚህ ክረምቱ አልወጣም ብሎ ደብረ ታቦር አሁንም ጭቃ በጭቃ ናት።

በስልክ «ሁሉም ደህና ነው» ያልኩህ ውሸቴን ነው። ልነግርህ እየጀመርኩ ስለምተወው መጻፉን መረጥኩ።

እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደ ልጆቻቸው ያሳደጉን እትዬ ጥሩወርቅ በኔ ጥፋት ሊሞቱ ነበር። ጀነሬተሩን ስትልክልኝ «ደጅ አርቀሽ አቁሚው፣ ጭሱ ወደ ሰው ቤት እንዳይዞር» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ዝናብና ሌባ ፈርቼ በኛና በሳቸው ቤት መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከቆርቆሮው ሥር አቆምኩት። ጭሱ ወደ ስፌት ቤቴ እየገባ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ የጭስ ማውጫውን ወደ እሳቸው መስኮት አዞርኩት። እያወቅሁ ነው ያዞርኩት።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ተደራርቦብኝ ስሰፋ ዋልኩ። እትዬ ከቅዳሴ ተመልሰው ጋደም ብለው ነበር። ልጃቸው ሰላማዊት ከገበያ ስትገባ «ኢክራም ድረሽልኝ! እማዬ አልነቃ አለች!» ብላ ጮኸች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ነርሷ «ከሰል አያይዛችሁ ነበር?» ስትል ሰላማዊት «ኧረ ጾሙ ነው ያደከማት» አለች። ያን ጊዜ «የጀነሬተር ጭስ ነው» አልኩ። ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላቸው። ነርሷ «የሚገድለው የማይታየው ጋዝ ነው፤ መስኮት ቢዘጋም በስንጥቅ ይገባል» አለችን። ሰላማዊት «ነፋሱ መልሶት ይሆናል» ስትል ግን ዝም አልኩ።

እትዬ ድነው ቤታቸው ሲገቡ ዝምታዬ እንቅልፍ ነሳኝ። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ «ወደ እርስዎ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቀና አድርገውኝ «አውቃለሁ ልጄ። ሸቶኝ ነበር። ሥራሽን እንዳላስተጓጉል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት» አሉኝ። ነስሩ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ጀነሬተሩን ከቤቶቹ አርቄ አጥሩ ጥግ አቁሜዋለሁ። ላዩ ክዳን አለው፣ ዙሪያው ክፍት ነው፣ ጭሱም ወደ ሜዳው ይወጣል። ነዳጅ የምጨምረው አጥፍቼ ሲቀዘቅዝ ነው። ሰላማዊትም እውነቱን ሰምታለች፤ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ቤቴ ግን መግባት ትታለች።

እትዬ ይበላሉ፣ ይራመዳሉ። ብቻ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስም ይጠፋባቸዋል። ትናንት ስላንተ ሳወራቸው ፈገግ ብለው ሰሙኝና «ይሄ ነስሩ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ሐኪሙ ከጭሱ የመጣ ነው፣ ትዝታቸው ይመለስላቸው ይሆናል ብሏል። እባክህ ከቻልክ ና። ፊትህን ሲያዩ ያስታውሱህ ይሆናል።

ሶፊያን ጉንጯን ሳምልኝ። ነኢማንና ትንሹን ሰሚርን አክስታችሁ ናፍቃችኋለች በላቸው። ለሶፊያ እናትም አክብሮቴን አድርስልኝ።

እህትህ ኢክራም
ደብረ ታቦር፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.